ዓመታዊ አበቦችን በዕቃና በመደብ ስለ መትከል
(የጅቡቲ ከተማን ምሳሌ በማድረግ)

መግቢያ

በደጋና በወይና ደጋ ያደገ ሰው አበባ መትከልን የሚያውቀው ከክረምት ጋር አያይዞ ነው። ሰኔ ሲገባ ዝናቡ ይጥላል፤ መሬቱ ይርሳል፤ ዘሩም ይዘራል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ሜዳውና የእርሻው ድንበር በአደይ አበባ ይሸፈናል። ይህ ልማድ በተወለደበት አገር ትክክለኛ ልማድ ነው። ነገር ግን ሰው ከአገር አገር ሲዛወር ልማዱን ይዞ ይሄዳል። የአዲስ አበባን ወይም የደሴን የዘር ወራት ወደ ጅቡቲ ከተማ አምጥቶ በሰኔ ዘር የሚዘራ መምህር፣ ቢበቅልለት እንኳ ቡቃያው በጥቂት ቀናት ውስጥ አርሮ ያያል።

የሚያሳስበው ጉዳይ የጥቂት ዘር መጥፋት ብቻ አይደለም። ያንን የደረቀ ቡቃያ ቆመው የሚመለከቱት ተማሪዎች «በዚህ አገር አበባ አይበቅልም» የሚል ትምህርት ይዘው ይሄዳሉ። ትምህርቱ ስሕተት ነው፤ ሆኖም በዓይናቸው ያዩት በመሆኑ በኋላ በቃል ብቻ ማረም ያስቸግራል። አገሩ አበባ ያበቅላል፤ የሚያበቅልበት ወር ግን ሌላ ነው።

ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ፣ በጅቡቲ ከተማ ዓመታዊ አበቦችን በዕቃና በመደብ ለመትከል የሚያስፈልገውን ዕውቀት በቅደም ተከተል ማስረዳት ነው። በዚያ የሚያስተምሩና የሚማሩ ኢትዮጵያውያን በቀጥታ እንደሚጠቀሙበት ሁሉ፣ በድሬዳዋ፣ በሰመራ፣ በአሳይታና በጎዴ፣ በሌሎችም ቆላማ ከተሞች ያሉ መምህራን ከየአካባቢያቸው ጋር እያገናዘቡ ሊሠሩበት ይችላሉ።

ዓመታዊ አበባ ምን ማለት ነው?

ዓመታዊ የሚባለው ተክል ከዘር በቅሎ፣ ቅጠል አውጥቶ፣ አብቦና ዘር አፍርቶ፣ ሕይወቱን በአንድ ወቅት ውስጥ የሚፈጽም ነው። ስሙ «ዓመታዊ» ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ዓመት አይሞሉም፤ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ዕድሜያቸው ያልቃል። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስና ኑግ ዓመታዊ ሰብሎች እንደ ሆኑ ሁሉ፣ አደይ አበባም ዓመታዊ አበባ ነው። ጽጌረዳና ቡገንቪልያ ግን ከዓመት ዓመት የሚኖሩ ተክሎች ናቸው።

ይህ ልዩነት ለአትክልተኛው ሁለት ቁም ነገሮችን ያስከትላል። አንደኛ፣ ለብዙ ዓመት የሚኖር ተክል ክፉውን ወቅት ችሎ ማለፍ አለበት፤ ዓመታዊው ግን ክፉውን ወቅት የሚያሳልፈው በዘር መልክ ተኝቶ ነው። በበረሃ ዝናብ በጣለ በጥቂት ቀናት ውስጥ ብቅ ብሎ፣ በጥቂት ሳምንታት አብቦ የሚጠፋው ትናንሽ ተክል የሚጠቀመው በዚሁ ብልሃት ነው። በመሆኑም አትክልተኛው ለዓመታዊ አበባ የሚያስፈልጉትን 4 ወይም 5 ደኅና ወራት ከመረጠለት፣ የቀሩትን ወራት ሙቀት መፍራት አይኖርበትም።

ሁለተኛ፣ ከዘር እስከ ዘር ያለው ጉዞ በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ይጠናቀቃል። ተማሪው በኅዳር የዘራውን ዘር ልጅ በመጋቢት በእጁ ይይዛል። በሥነ ሕይወት መጽሐፍ ላይ በሥዕል የሚያየውን የአበባ ተክል የሕይወት ዑደት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይኑ ይከታተላል ማለት ነው።

የጅቡቲ አየር ጠባይና የአበባ ወራት

ጅቡቲ ከተማ የምትገኘው በባሕር ወለል አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በአዲስ አበባ በዓመት ከ1000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ሲዘንብ፣ በጅቡቲ ከተማ የሚዘንበው በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። እርሱም ቢሆን በየወሩ ተከፋፍሎ የሚወርድ ሳይሆን፣ አንዳንድ ጊዜ በአንድ ቀን ወርዶ የሚያበቃ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር ወር 2019 የጣለው ከባድ ዝናብ ከተማይቱን እንዳጥለቀለቃት ይታወሳል።

ሙቀቱን ስንመለከት፣ በታኅሣሥና በጥር የቀኑ ሙቀት 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የሌሊቱ ደግሞ 22 ዲግሪ ገደማ ነው። በሐምሌ ግን ቀኑ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ሌሊቱም 30 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ያድራል። በነዚሁ የበጋ ወራት፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ኸምሲን የሚባለው ደረቅና ትኩስ ነፋስ ከምዕራብ በኩል አሸዋና አቧራ ይዞ ይነፍሳል። በአንጻሩ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት የሚነፍሰው ነፋስ ከባሕር የሚመጣ፣ ለስለስ ያለና እርጥበት ያለው ነው።

እንግዲህ የደጋው ክረምት በዚያ የእሳት ወቅት ሲሆን፣ የደጋው በጋ ደግሞ የአበባ ወቅት ይሆናል። የሥራው አቆጣጠር እንደሚከተለው ነው።

ነሐሴና መስከረም፦ ብስባሽ ማዘጋጀት፣ ዕቃ መሰብሰብ፣ አፈር ማምጣትና ማጥለል።
ከጥቅምት 20 እስከ ኅዳር 20፦ ዘር መዝራት።
ኅዳርና ታኅሣሥ፦ ችግኝ ማዛወር፣ ጥላ ማድረግ፣ መከታተል።
ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት፦ የአበባ ጊዜ።
መጋቢትና ሚያዝያ፦ ዘር መሰብሰብና ማከማቸት።

ለገና አበባ እንዲደርስለት የሚፈልግ ሰው ከጥቅምት 20 ቀን ብዙም ሳይርቅ መዝራት ይኖርበታል፤ ፈጥነው የሚያብቡት ዓይነቶች ከዘር እስከ አበባ 8 ወይም 9 ሳምንት ይወስዳሉና።

ስለ ውኃና ስለ ጨው

በጅቡቲ ከተማ ውኃ ውድ ነገር ነው። ከተማይቱ ለረጅም ዘመን የኖረችው ከመሬት በታች ካለው የጉድጓድ ውኃ ነው። ይህም ውኃ ብዙ በተቀዳ ቁጥር ጨዋማነቱ እየጨመረ መጥቷል። እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ከሃዳጋላ አካባቢ ወደ ጅቡቲ ውኃ የሚወስደው የቧንቧ መሥመር ተመረቀ። እ.ኤ.አ. በ2021 ደግሞ በዶራሌ የባሕር ውኃን ጨው የሚያጣራ ተቋም ተከፈተ። ይሁን እንጂ ውኃ በጀሪካን የሚቀዳበት ቤት ዛሬም ስላለ፣ ትምህርት ቤት ለአበባ የሚያውለውን ውኃ አስቀድሞ ማስላት ይገባዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው። 5 ሊትር አፈር በሚይዝ ጣሳ ውስጥ ያለ ተክል በአበባው ወራት በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይበቃዋል እንበል። 30 ጣሳዎች ቢኖሩን በቀን 15 ሊትር፣ በ150 ቀናት ደግሞ 2250 ሊትር እንፈልጋለን ማለት ነው። ለመደብ በአንድ ካሬ ሜትር በቀን 5 ሊትር ብንይዝ፣ 4 ካሬ ሜትር የሆነ መደብ በየቀኑ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይፈልጋል። ይህን ያህል ውኃ ማግኘት የማይችል ትምህርት ቤት የዕቃዎቹን ቁጥር ይቀንስ። 10 ጣሳ ተክሎ 10ሩን ማሳበብ፣ 50 ተክሎ 50ውን ከማድረቅ ይሻላል።

በከተማው ውስጥ ለአበባ የሚሆን ሳይታሰብ የሚፈስ ውኃም አለ። ሩዝና አትክልት የታጠበበት ውኃ፣ ሳሙና ያልነካው የውዱእ ውኃ፣ እንዲሁም ከኤር ኮንዲሽነር የሚንጠባጠበው ውኃ ለዚህ ያገለግላሉ። በተለይ የኋለኛው በአየር ውስጥ ያለው እርጥበት ቀዝቅዞ የሚወርድ ስለ ሆነ ከጨው የጠራ ነው፤ ለዘርና ለቡቃያ በጣም ይስማማል። ለመጠጥ ግን እንዳይውል ተማሪዎችን ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። የልብስ እጥበት ውኃ፣ በተለይ የዱቄት ሳሙና የገባበት፣ ለተክል አይሆንም።

ስለ ጨው ጥቂት እንጨምር። ውኃ ከአፈርና ከቅጠል ሲተን ጨው አብሮ አይተንም፤ እዚያው ይቀራል። በአንድ ሊትር ውስጥ 1 ግራም ጨው ያለበት ውኃ እናጠጣለን ብንል፣ ያ ጣሳ በ150 ቀናት ውስጥ በገባለት 75 ሊትር 75 ግራም ጨው ይጠራቀምበታል። ይህ በ5 ሊትር አፈር ላይ አራት የሾርባ ማንኪያ ጨው እንደ መነስነስ ነው። ጨው ሲበዛ የቅጠሉ ጫፍ ይቃጠላል፤ በአፈሩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይታያል፤ አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለም ተክሉ ይጠወልጋል። ይህን ያየ ልጅ «ውኃ አነሰው» ብሎ በጥቂት በጥቂቱ ቢጨምርለት ጨውን ይጨምርበታል እንጂ አይረዳውም። መድኃኒቱ በየ15 ቀኑ አንድ ጊዜ ውኃው ከታች በደንብ እስኪወርድ ድረስ ማጠጣትና ጨውን አጥቦ ማስወጣት ነው። ይህ እንዲሆን ዕቃው ከሥሩ ቀዳዳ ሊኖረው ግድ ነው።

በዕቃ መትከል

አብዛኛው የጅቡቲ ከተማ ግቢ ጠባብ፣ መሬቱም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1888 የተቆረቆረችው ይህች ከተማ አሮጌው ክፍሏ የታነጸው በባሕር ዛጎል ድንጋይ፣ ማለትም በኮራል አምባዎች ላይ ነው። ስለዚህ በዕቃ መትከል በብዙ ቦታ ተመራጭ ዘዴ ነው።

ዕቃ ለማግኘት ገንዘብ አያስፈልግም። ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ፣ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰነጠቀ ባልዲ፣ አሮጌ ማሰሮ ሁሉም ያገለግላሉ። የኬሚካል ወይም የሞተር ዘይት ዕቃ ግን አይወሰድም። ለአብዛኞቹ አበቦች ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያስፈልጋል፤ ለፖርቱላካ 15 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ከሥሩ የእርሳስ ውፍረት ያላቸው 4 ወይም 5 ቀዳዳዎች ይበጃሉ፤ በቀዳዳዎቹ ላይ አፈር እንዳይወጣ ቁራጭ ጨርቅ ይነጠፋል። ብዙ ሰው ከታች ጠጠር ይደረድራል፤ ውኃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ለመውረድ ስለሚዘገይ ከጠጠሩ በላይ ቆሞ ሥሩን ያበሰብሳል። ጠጠሩ የሚጠቅመው ለዕቃው ክብደት እንጂ ለውኃው መውረድ አይደለም።

ስለ አፈሩ ስንነጋገር፣ ከባሕር ዳር የሚመጣ አሸዋ ጨውና የዛጎል ስባሪ ስላለበት መወሰድ የለበትም። እንደ አምቡሊ ባሉ ደረቅ ወንዞች ዳር የሚገኘው ደለል አፈር ይሻላል። ከደለሉ ሁለት እጅ፣ ከብስባሹ አንድ እጅ፣ ከታጠበ የወንዝ አሸዋ አንድ እጅ ተቀላቅሎ ይዘጋጃል።

ብስባሽ ለመሥራት በከተማው ብዙ ጥሬ ዕቃ አለ። የወጥ ቤት ትርፍራፊ፣ የቆየ የፍየል በጠጥ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየቀኑ የሚጣለው የጫት ገራባ ይገኛል። ገራባውን አድቅቆ ከበጠጥ ጋር በድርብርብ መከመር፣ እንደ ተጨመቀ ስፖንጅ እስኪረጥብ ውኃ መርጨት፣ በየሳምንቱ ማገላበጥ ነው። በነሐሴ የተጀመረ ክምር በሙቀቱ እየታገዘ በጥቅምት መጨረሻ ይደርሳል። ጠቆር ያለ፣ የአፈር ሽታ ያለው፣ ሲነኩት የማይሞቅ ከሆነ በስሏል።

ሌላው ጠንቅ የዕቃው መጋል ነው። ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ቆርቆሮ ውስጡ ያለው አፈር ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ ሥሮች ይጎዳሉ። ስለዚህ ዕቃውን ከውጭ ነጭ ቀለም ወይም ኖራ መቀባት፣ ከሲሚንቶ ወለል ላይ በእንጨት ከፍ ማድረግ፣ ዕቃዎቹን አጠጋግቶ አንዱ ለሌላው ጥላ እንዲሆን ማድረግ ይገባል። የተሻለው ዘዴ ትንሹን ጣሳ በትልቁ ውስጥ አስቀምጦ መካከሉን በአሸዋ መሙላት ነው።

በመደብ መትከል

ግቢው የሚበቃ ከሆነ መደብ ይዘጋጃል። የመደቡ ስፋት ከ1 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ተማሪው ከሁለቱም ጎን ሆኖ ሳይረግጠው እንዲኮተኩት ነው። በዝናባማ አገር መደብ ከፍ ይደረጋል፤ በደረቅ አገር ግን ውኃ እንዲይዝ ከመሬት ጥቂት ዝቅ ይደረጋል። በጅቡቲ መሬቱ አሸዋማ ከሆነና ውኃ ፈጥኖ የሚያሰርግ ከሆነ ዝቅ ያለው ይስማማል። ውኃ በሚተኛበትና ነጭ ጨው በሚታይበት መሬት ግን ከድንጋይ ወይም ከብሎኬት ዙሪያ ሠርቶ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል።

የኮራል መሬት ኖራ የበዛበት ነው። በእንዲህ ያለ አፈር ውስጥ ብረት የተባለው ንጥረ ነገር ቢኖርም ሥሮች ሊስቡት ይቸገራሉ። ምልክቱ አዲሱ ቅጠል ቢጫ ሆኖ ጅማቶቹ ብቻ አረንጓዴ መሆናቸው ነው። ለዚህ የሚበጀው መደቡን 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ቆፍሮ ኮራሉን ማውጣትና በተዘጋጀው አፈር መሙላት፣ በየወቅቱም ብስባሽ መጨመር ነው።

ችግኝ ከማፍያው ወደ መደቡ የሚዛወረው 4 ወይም 5 እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ነው። ጊዜውም ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቢሆን ሌሊቱን አርፎ ያነጋል። ለመጀመሪያዎቹ 10 ቀናት ከቀኑ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት በሰሌን ወይም በጆንያ ጥላ ይደረግለታል። የውኃ ጊዜ ፀሐይ ሳትወጣ ነው፤ ውኃውም በቅጠሉ ላይ ሳይሆን በሥሩ ላይ በዝግታ ይፈሳል። በችግኞቹ መካከል ደረቅ የቴምር ዘንባባ ወይም ገራባ ማልበስ የውኃውን መትነን ይቀንሳል። ፍየሎች በየመንገዱ በሚዘዋወሩበት፣ ቁራዎችም ቡቃያ በሚነቅሉበት ከተማ አጥርና መረብ ማበጀት የሥራው ክፍል መሆኑ መረሳት የለበትም።

ምን ዓይነት አበባ ይመረጥ?

ዚንያ፦ አገሯ ሜክሲኮ ነው። በ4 እስከ 7 ቀን ትበቅላለች፤ በ8 ወይም 9 ሳምንት ታብባለች። ዘሯ ትልቅ ስለ ሆነ ለተማሪ እጅ ትመቻለች። ቅጠሏ ከረጠበ የዱቄት በሽታ ስለሚይዛት በሥሯ ብቻ ትጠጣ።

ብጫ ኮስሞስ፦ ይህም የሜክሲኮ ተክል ነው። ሙቀት ይችላል፤ አፈር አይመርጥም። የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ሲሆን መልኩም ወደ አደይ ይጠጋል። የአደይ ወር በሆነው በመስከረም የጅቡቲ ሙቀት ገና ስላልበረደ፣ ይህ አበባ ለእንቁጣጣሽ ባይደርስም ለገናና ለጥምቀት ይደርሳል።

ታጌቴስ (ሜሪጎልድ)፦ ብርቱካናማና ቢጫ አበባ ያለው፣ ቅጠሉ ጠንከር ያለ ሽታ ያለው ነው። ለመደብ ጠርዝ ይስማማል።

ጎምፍሬና፦ አበባው እንደ ትንሽ ኳስ ክብ ነው፤ ተቆርጦ ሲደርቅም ቀለሙን አይለቅም። ለመብቀል እስከ 2 ሳምንት፣ ለማበብ እስከ 3 ወር ስለሚወስድ ቀድሞ መዘራት አለበት።

ፖርቱላካ፦ የደቡብ አሜሪካ ተክል ናት። ወፍራም ቅጠሏ ውኃ ያከማቻል። ድርቀትንና ጨውን ከሌሎቹ ይበልጥ ትችላለች። አበባዋ በፀሐይ ይከፈታል፤ ሲመሽ ይዘጋል። ዘሯ እንደ አቧራ የደቀቀ ስለ ሆነ በአፈሩ ላይ ይነሰነሳል እንጂ አይቀበርም፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋልና።

ቪንካ፦ የማዳጋስካር ተክል ናት። በሞቃት አገር ከዓመት በላይ ብትኖርም እንደ ዓመታዊ ትተከላለች። ከጥላ ጋር በጋውን የምትችለው እርሷ ናት። ከዚህች ተክል ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የተባሉ የካንሰር መድኃኒቶች ይገኛሉ። ይሁንና ተክሏ በሙሉ መርዛም ስለ ሆነች ልጆች እንዳይቀምሷት ማስጠንቀቅ ይገባል።

በዕቃ ለመትከል ዚንያን አንድ በአንድ፣ ፖርቱላካን ሦስት ሦስት አድርጎ መትከል ነው። በመደብ ረጃጅሞቹን ከኋላ፣ አጫጭሮቹን ከፊት ማድረግ፣ በመካከላቸውም ከ25 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር መተው ያስፈልጋል። ያለፈበት አበባ በየጊዜው ቢቆረጥ ተክሉ ዘር ለማፍራት ስለሚታገል እንደገና እንቡጥ ያወጣል። ለዘር የሚፈለጉት ግን ሳይቆረጡ ይተዋሉ።

ስለ ወባ ትንኝ ማስጠንቀቂያ

በጅቡቲ ከተማ ስለ አበባ ዕቃ የሚጽፍ ሰው ይህን ሳያነሣ ማለፍ አይገባውም። አኖፌሊስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ አገሯ ደቡብ እስያና የዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ነበር። በአፍሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችው እ.ኤ.አ. በ2012 በጅቡቲ ከተማ ነው። ሌሎች የወባ ትንኞች በአብዛኛው በገጠር ረግረግ ሲራቡ፣ ይህች ግን በከተማ ውስጥ በበርሜል፣ በታንከርና በጣሳ ውኃ ትራባለች። በጅቡቲ በ2012 የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 27 ብቻ ነበር፤ በ2020 ግን ከ70,000 በላይ ሆኗል። ትንኟ እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ቀብሪደሃር ተገኘች፤ በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝም ከእርሷ ጋር የተያያዘ ነበር።

እንግዲህ ለአበባ ብለን የምናስቀምጠው ውኃ ለልጆቻችን ሕመም መነሻ እንዳይሆን ጥንቃቄ ያሻል። ደንቡ አጭር ነው። ከአበባ ዕቃ ሥር ውኃ የሚያቁር ሳህን አይደረግ፤ ካስፈለገም በአሸዋ ይሞላ። የማጠጫ ውኃ የሚጠራቀምበት ዕቃ ይከደን። ያልተከደነ ውኃ ሁሉ በየ5 ቀኑ ይደፋ፤ በሙቅ አገር ትንኝ ከዕንቁላል ተነሥታ ክንፍ ለማውጣት አንድ ሳምንት ከጥቂት ቀናት ይበቃታልና። በሥራ ያልዋለ ባዶ ጣሳ ይደፋ። ይህን የሚቆጣጠር ተማሪ በየሳምንቱ በተራ ቢመደብ መልካም ነው።

ለክፍል ሥራ የሚሆኑ ልምምዶች

1ኛ. የዘር ብቅለት ፈተና። 20 ዘሮችን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ጥላ ቦታ ማስቀመጥና በየቀኑ መቁጠር። ከ20ው 15ቱ ቢበቅሉ ብቅለቱ 75 በመቶ ነው። 30 ችግኝ ለማግኘት ስንት ዘር ይዘራል? መልሱ 40 ይሆናል።

2ኛ. የጨው ፈተና። አንድ ዓይነት ዘር በሁለት ተመሳሳይ ጣሳዎች ዘርቶ አንዱን በቧንቧ ውኃ፣ ሁለተኛውን ከኤር ኮንዲሽነር በተጠራቀመ ውኃ ማሳደግ። በየሳምንቱ ቁመታቸውን ለክቶ በግራፍ ወረቀት ላይ ማስፈር።

3ኛ. የሙቀት ፈተና። ነጭ የተቀባና ያልተቀባ ጣሳ ፀሐይ ላይ አስቀምጦ ከቀኑ 8 ሰዓት የአፈሩን ሙቀት በቴርሞሜትር መለካት።

4ኛ. የውኃ መዝገብ። በየቀኑ የፈሰሰውን ውኃ በሊትር መዝግቦ በወቅቱ መጨረሻ መደመርና ለአንድ አበባ የወጣውን ውኃ ማስላት።

ዘር ስለ መሰብሰብ

በመጋቢት አበቦቹ ደርቀው ቡናማ ሲሆኑ ዘራቸው ይለቀማል። ጥላ ቦታ ለ10 ቀን ያህል ከደረቀ በኋላ በወረቀት ተጠቅልሎ፣ የአበባው ስምና የተለቀመበት ቀን ተጽፎበት፣ በደንብ በሚከደን ብልቃጥ ውስጥ ይቀመጣል። ዘርን የሚገድሉት ሙቀትና እርጥበት ናቸው፤ የጅቡቲ በጋ ደግሞ ሁለቱንም አያጣም። በተለመደው የግምት ደንብ መሠረት የማስቀመጫው ሙቀት በ5 ዲግሪ ዝቅ ባለ ቁጥር የዘሩ ዕድሜ ዕጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ብልቃጡ የሚቀመጥበት ትክክለኛ ቦታ የማቀዝቀዣው የታችኛው መደርደሪያ ነው።

በሰኔ፣ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋና ኸምሲን መንፈስ ሲጀምር፣ ጣሳዎቹ ባዶ ሆነው ተደፍተው ቢታዩ ተማሪዎች ሊያዝኑ አይገባም። በዚያ ወር ባዶ መሆናቸው ሥራው በትክክል መፈጸሙን ያመለክታል፤ አበባው በዘር መልክ ብልቃጥ ውስጥ ተኝቷልና። መምህሩም ተማሪዎቹን ከማሰናበቱ በፊት ብልቃጡን ከፍቶ ለእያንዳንዳቸው ጥቂት ዘር በወረቀት ጠቅልሎ ቢሰጣቸው፣ በላዩም «ከጥቅምት 20 በፊት አይዘራም» ብሎ ቢጽፍበት፣ በሚመጣው ዓመት አበባው ከትምህርት ቤቱ ግቢ አልፎ በየቤቱ ይታያል።